እጅ የሚደርስበት መቀመጫ

ሚያዝያ ፲፫ ቀን፣ ሐሙስ። ከስኩተር መሸጫው ጀርባ ባለው ጋራዥ ውስጥ አንድ ግራጫ ስኩተር የኋላ መቀመጫው ተፈትቶ ቆሟል። ልባሱ ተገፎ ስፖንጁ ወጥቷል። ስፖንጁ ላይ በልብስ ሰፊ ጠመኔ መስመር ተሰምሯል፤ መስመሩን ተከትሎ የተጀመረው ቆረጣ ግን ግማሽ ላይ ቀርቷል። የነጂውን ወገብ የምትደግፈው ትንሽ መደገፊያ ተነቅላ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች፤ ብሎኖቿ በአንድ አሮጌ ክዳን ውስጥ ተጠራቅመዋል። ሥራውን ያዘዘው ሰው ሰኞ ዕለት ሞቶ ማክሰኞ ተቀብሯል።

ሚስቱ ወደዚያ ጋራዥ የሄደችው ሻጩ ስልክ ስለ ደወለላት ነው።

"እትዬ፣ እግዜር ያጽናዎት። እንደው ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ስኩተሩን እንደ ነበረ እንግጠመው ወይስ...?"

"ወይስ ምን?"

 ጋሼ ምን እንዳዘዙ የሚያውቀው መካኒኩ ነው፣ እሱም እርስዎን ካላየሁ አልነካውም ብሏል፣ አላት። ልጇ አጠገቧ ተቀምጣ ስትሰማ ነበርና፣ "እማዬ፣ እኔ ሄጄ እጨርሰዋለሁ፤ አንቺ ጋደም በይ" አለቻት። እናት ግን ቀድሞውኑ ተነስታ ጥቁር ጫማዋን እያጠለቀች ነበር። መቼም ሐዘንተኛ ሲጋደም ነው የሚብስበት።

ባሏ ዕድሜውን ሙሉ ሞተረኛ ነበር። ሥራው የመነጽር መስታወት ማመላለስ ነው፤ መስታወቱ ከሚሞረድበት ቤት ተቀብሎ በከተማው ላሉት መነጽር ቤቶች ያደርሳል። "ሌላው ዕቃ ይጭናል፤ እኔ የሰው ዓይን ነው የምጭነው" ይል ነበር። ጉድጓድ ሲያይ ከሩቁ ይቀንሳል፣ ጥጉን ይዞ እንደ ድመት አልፎት ይሄዳል። ሌሎቹ ሞተረኞች እየፎከሩ ሲያልፉት፣ "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል!" እያሉ ይጮኹበታል። በዚያው ስሙ "እንቁላል" ሆኖ ቀረ። እሱም አልከፋውም። "እናንተ ቶሎ ትደርሳላችሁ፤ ዕቃው ነው የማይደርሰው" ይላቸዋል።

ከሚስቱ ጋር የተገናኙትም በዚሁ ሥራ ነው። እሷ መጋረጃ ሰፊ ናት። በወጣትነቷ ዓይኗ ደክሞባት፣ ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት አቅቷት፣ መነጽር ታዝዞላት ሱቁ ውስጥ ተቀምጣ ስትጠብቅ፣ ዝናብ ያበሰበሰው ሰውዬ ከሸሚዙ ሥር ደረቅ ጥቅል አውጥቶ ለባለ ሱቁ ሰጠ። ባለ ሱቁ መስታወቱን ከክፈፉ አገናኝቶ ዓይኗ ላይ ሲያደርግላት፣ ከፊቷ እንደ ረጠበ ዶሮ የሚንጠባጠበው ሰው ወለል ብሎ ታያት።

"ጥርት አድርጌ ያየሁት የመጀመሪያው ነገር እሱ ነው" ትል ነበር ሰው ሲሰበሰብ። "ምን ያደርጋል፣ መነጽሩ አንድ ቀን ቢዘገይ ኖሮ ደህና ሰው አይ ነበር።"

"እኔም አንድ ቀን ብዘገይ ኖሮ ዛሬ እንዲህ አልታማም" ይላታል።

ያን ለታ ዝናቡ ሲያባራ ቤቷ አደረሳት። ከዚያ ወዲህ ከኋላው ተቀምጣ ኖረች። ስታገባው፣ ስታረግዝ፣ ልጇ አድጋ ከቤት ስትወጣ፣ የመጋረጃ ጨርቅ ጭና ስትሄድ፣ እናቷን ልትቀብር ስትሄድም፣ ያየችው መንገድ ሁሉ በእሱ ትከሻ ላይ የታየ ነው። ሰው አገሩን በተራራው በወንዙ ያውቀዋል፤ እሷ በባሏ ማጅራት አሻግራ ነው ያወቀችው።

ጆሮው መቼ እንደ ሄደ በትክክል ማንም አያውቅም። ነፋስና የሞተር ጩኸት ቀስ እያሉ የሚሸረሽሩት ነገር ነው። እሷ ያወቀችው አንድ ቀን አምቡላንስ ከኋላቸው እየጮኸ ሲመጣ ነው። መኪናው ሁሉ ጥጉን ሲይዝ እሱ እያፏጨ መሀል መንገዱን ይዞ ቀጠለ። ከወረዱ በኋላ ፊቱን አየች። አልሰማም። ዝም አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን እጇን ከወገቡ አንስታ ትከሻው ላይ አደረገችው። ከግራ መኪና ሲመጣ ግራ ትከሻውን ጫን ታደርጋለች፤ ከቀኝ ሲመጣ ቀኙን። ከኋላ ጡሩምባ ሲነፋ መዳፏን ጀርባው መሀል ላይ ትለጥፋለች።

እሱ ይስቅባት ነበር።

"አንቺ ሴትዮ፣ እርጅናሽ በእጅሽ በኩል መጣ? ድሮ ሞት አትፈሪም ነበር። አሁን ብስክሌት ባለፈ ቁጥር ትቆነጥጪኛለሽ።"

"ፈራሁ። ምን ላድርግ?"

"ፈሪ ለእናቱ ነው።"

"እኔስ ለማን ልሁን፣ እናቴ ሞታለች" ትለውና ይሳሳቃሉ። በሰው ፊት ሲያማትም፣ ሚስቴ ፈሪ ሆነችብኝ ሲል፣ አንገቷን ደፍታ ትሰማለች። ጆሮህ ሄዷል ብትለው ሞተሩን ይተዋል፤ ሞተሩን ከተወ ደግሞ ምኑ እንደሚቀር አታውቅም። ስለዚህ ፈሪ ተብላ መኖሩን መረጠች።

ኋላ ደግሞ ዳሌው እምቢ አለ። የስፌት መኪናዋ መስኮቱ አጠገብ ነበርና አንድ ጠዋት እግሩን በሞተሩ ላይ ሊያሻግር ሲያነሳ፣ ሲያወርድ፣ እንደገና ሲያነሳ አየችው። ግድግዳ ይዞ ሞከረ። ደረጃ ላይ ቆሞ ሞከረ። በመጨረሻ ጎማውን ሊያይ ያጎነበሰ መስሎ ቆየና ወደ ቤት ተመለሰ።

"ነፋስ ይፈልጋል ጎማው" አላት።

"ይሞላል" አለችው።

ሐኪሙ ዳሌህ አልቋል፣ እግርህን ከፍ አድርገህ አታንሳ አለው። ልጃቸው ይህን ሰምታ መኪናዋን ይዛ መጣች። "አባዬ፣ በቃህ። የትም ብትሉኝ እኔ እወስዳችኋለሁ።"

"ልክ ነሽ፣ ትወስጂናለሽ" አላት። "እኛ ግን መሄድ ነው የለመድነው።"

ስኩተር ፍለጋው የተጀመረው እንዲህ ነው። እሱ ስኩተርን ከሞተር ቆጥሮት አያውቅም ነበር። ማርሽ የሌለው፣ ፍሪሲዮን የሌለው፣ "ሶፋ ላይ ተቀምጦ መንገድ መሄድ" እያለ ያሾፍበት የነበረ ነገር ነው። አሁን ግን ነገር ተገልብጦ ራሱ ሶፋ ፈላጊ ሆነ። ትልልቆቹን፣ ሁለት ሰው ጭነው አውራ ጎዳና የሚያወጡትን ነው ያየው። የፈለገው ጥቂት ነገር ነበር፤ ጥቂቱ ነገር ግን ባንድ ላይ አይገኝም።

የመጀመሪያው ሱቅ ያሳያቸው ግዙፍ ነበር። ከፊቱ ሰፊ የነፋስ መከላከያ አለው፣ ከመቀመጫው ሥር ሁለት ሄልሜት ይውጣል፣ ሲነሳ ድምፁ የሚያስከብር ነው። እሱ ግን ጎንበስ ብሎ ያየው የእግር ማስቀመጫውን ነው። መሀሉ ላይ እንደ ግንብ የተነሳ ጉብታ አለበት። "ይህን ለመሻገር እግሬን ማንሳት ካለብኝ የድሮው ሞተሬ ምን በደለኝ?" ብሎ ወጣ። በሁለተኛው ሱቅ ያየው ወለሉ ለጥ ያለ፣ ቀላል፣ እንደ በር የሚገቡበት ነበር። ግን ቸርኬው ትንሽ ነው። እጁን በጎማው ላይ አሳለፈና ራሱን ነቀነቀ። ትንሽ ቸርኬ ጉድጓድ አያልፍም፤ ይገባበታል። የሰው ዓይን ሲጭን የኖረ ሰው ሚስቱን በዚያ አይጭንም።

ሦስተኛው ያ ግራጫው ነው። ወለሉ ዝርግ፣ ቸርኬው ትልቅ፣ ክብደቱ መካከለኛ፣ ጉልበቱም ዳገት የሚያወጣ ያህል። ወንበር ላይ እንደሚቀመጥ ሰው ቀስ ብሎ ገባበትና ተቀመጠ። ሁለቱም እግሮቹ መሬት ነኩ። ፍሬኑን ያዘ፣ መሪውን ግራና ቀኝ አዞረ፣ ስፖኪዮውን አስተካከለ። ፊቱ በራ። እሷም ከኋላ ወጣች።

የኋላው መቀመጫ ከፍ ብሎ ለብቻው ነው። ከእሱና ከእሷ መካከል የነጂው መደገፊያ ቆሟል፤ ለእሷም ከጀርባዋ ሌላ መደገፊያ አለላት። እግሯ ከሁለቱም በኩል መርገጫው ላይ አልደረሰም፤ መቀመጫው ሰፊ ስለሆነ እግሯ እንደ ሕፃን ተንጠለጠለ። ሻጩ ደስ ብሎት እጁን አፋተገ።

"እትዬ፣ ንግሥት መሰሉ! እንደ ሶፋ አይደለም? ጋሼን የሙጥኝ ማለት ቀረ፤ እጅዎን እጀታው ላይ ጣል ማድረግ ነው።"

ባሏ ዞር ብሎ አያት። "እጅሽስ?" አላት።

ያን ጊዜ ቆሞ ስለ ዋለ ዳሌው እየጠዘጠዘው እንደሆነ ከፊቱ አይታለች። ይግዛና እንሂድ፣ ቤቱ ገብቶ ጋደም ይበል ብላ አሰበች። ሻጩም እያያት ነው። ስለ ትከሻው ስለ ጆሮው በዚያ ሰው ፊት ምን ትበል?

"እጄ ያርፋል" አለችው።

እሱ ቀስ ብሎ ወረደና ከፈለ፤ ስኩተሩም ሰሌዳ እስኪወጣለት እዚያው ቀረ። ቤት ሲገቡም አልተናገረም። በማግሥቱም አፉ ተለጉሞ ዋለ። እሷ ያኮረፈው ድሮ ያሾፍበት የነበረውን ነገር መግዛቱ ክብሩን ነክቶት ነው ብላ ተወችው።

በዚያ ሰሞን የልብስ መለኪያ ሜትሯ ጠፋ። መሳቢያውን ገለበጠች፣ ጨርቁን አራገፈች።

"ሜትሬን አይተሃል?"

"ሜትር እግር የለው። ፈልጊው" አላት፤ ኮቱን ለብሶ እየወጣ ነበር። ጠመኔዋም አብሮ መጥፋቱን ያስተዋለችው ቆይቶ ነው። ሹራቧም ከወንበሩ ጀርባ ላይ ባልሰቀለችው አኳኋን ተሰቅሎ፣ አንደኛው እጅጌው ተዘርግቶ ነበር። ሹራቡን አጣጥፋ አስቀመጠችው።

ሰኞ ከምሳ በፊት ሞተ። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ነበር። እሷ ለአንድ ሆቴል የሚሆን ረጅም መጋረጃ እየቀመቀመች ነበርና ጀርባዋን ሰጥታዋለች። ጠራችው። አልመለሰም። አለመስማቱ የተለመደ ስለነበር ስፌቷን ቀጠለች። ኋላ ነው ሄዳ ትከሻውን የነካችው።

ይህ ነው ከልቧ የማይወጣላት። እንደ ሁልጊዜው አልሰማኝም ብላ ስፌቷን መቀጠሏ።

ጋራዡ ውስጥ መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ተቀበላት። ፊቱ የማይፈታ፣ ንግግሩ ቁጥብ ሰው ነው። ከኪሱ የተጠቀለለ ቢጫ ሜትር አወጣና ሰጣት።

"የእርስዎ ነው መሰለኝ። ጋሼ ረስተውት ነው የሄዱት።"

ሜትሩን ዘረጋችው። አንድ ቦታ ላይ በነጭ ጠመኔ ምልክት ተደርጎበታል።

"የእጅዎ ልክ ነው አሉኝ" አለ መካኒኩ። "ከሹራብ ነው የለካሁት፣ ልብስ ሰፊ ስላልሆንኩ ቢያጥር አትፍረድብኝ አሉኝ።"

ልጇ በሩ አጠገብ የመኪና ቁልፏን ይዛ ቆማ ነበር። "ለስኩተር የእጅ ልክ ምን ያደርጋል?" ብላ ጠየቀች።

"እኔም እሱን ነበር ያልኳቸው። ሲመላለሱ ሰነበቱ። ከፊት አይቀመጡም፤ ከኋላ ነው የሚቀመጡት። ያ ሻጭ፣ 'ጋሼ፣ ሹፌር ሊቀጥሩ ነው እንዴ?' እያለ ይስቃል። ሜትሩን ሲያወጡ ደግሞ፣ 'ሱሪ ሊያሰፉለት ነው?' ይላቸዋል። እሳቸው ምንም። እኔን ከፊት አስቀምጠው በእጃቸው ትከሻዬን ይነኩኛል። ደረሰ ወይ ይሉኛል። ዞሬ ደርሷል ስላቸው፣ 'የእሷ እጅ ከእኔ ይኼን ያህል ያጥራል' ብለው በሜትሩ ያሳዩኛል። መደገፊያዋን አስነቀሉኝ። የኋላውን ዝቅ፣ ወደ ፊት ጠጋ አድርግልኝ አሉኝ።"

 ከዚያ መሬት መሬት እያየ ቀጠለ።

"እትዬ፣ ሰው የነገረኝን መድገም አልወድም። ግን ይኼ የእርስዎ ነው። አንድ ቀን፣ ጋሼ፣ የሚመች መቀመጫ ለምን ያበላሻሉ አልኳቸው። 'ጆሮዬ ከኋላ ነው የሚቀመጠው' አሉኝ። 'ራሴ ላይ ያለው ከሞተ ቆይቷል። በእጇ ነው የምትነግረኝ። የማላውቅ ይመስላታል' አሉ። ታዲያ ለምን አይነግሯቸውም ብላቸው፣ ሳቁ። 'ፈሪ ነሽ እያልኩ አሾፍባታለሁ። ማወቄን ካወቀች መጨነቅ ትጀምራለች፤ ፈሪ ስላት ትስቃለች' አሉኝ።"

ሴትዮዋ ሜትሩን በጣቷ ላይ ጠቀለለችው። ፈታችው። እንደገና ጠቀለለችው።

"አባዬ አይሰማም ነበር?" አለች ልጅቱ።

"ከፊቱ ቆመሽ ካላወራሽው አይሰማም።"

"ስልክ ስደውልለት... ገና ሃሎ ስለው 'እናትሽን ላቅርብልሽ' ነበር የሚለኝ። ሁልጊዜ።" ቁልፏን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። "ከእኔ ጋር ማውራት የማይፈልግ ይመስለኝ ነበር እኮ።"

 እናቷ ወደ መካኒኩ ዞረች።

"እጄ ያርፋል ብዬው ነበር። እዚህ፣ ሱቁ ውስጥ። ስለዚያ የነገረህ ነገር አለ?"

መካኒኩ አሰበ። ሊዋሽላት እንደፈለገ ከፊቱ ያስታውቅ ነበር። ግን አልዋሸም።

"እሱን አላነሱም" አላት።

ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ስፖንጁ ላይ የተሰመረውን መስመር አየችው። ጠመኔ መያዝ የማያውቅ ሰው እጅ ነው፤ መጀመሪያው ደማቅ፣ መጨረሻው የሚንቀጠቀጥ።

"ምን ላድርገው እንግዲህ? እንደ ነበረ ልመልሰው?"

"የጀመርከውን ጨርስ።"

"እማዬ" አለች ልጇ። "ማን ሊነዳው ነው?"

"የሚነዳው የለም። ይጨርሰው።"

መካኒኩ ቢላዋውን አነሳ። መስመሩን ተከትሎ ቆረጠ፣ አስተካከለ፣ ልባሱን መለሰበት። ስፖንጁ ስላነሰ ልባሱ ጥጉ ላይ ተጨማደደ። እሷ ጠጋ ብላ ትርፉን በሁለት ጣቷ ቆነጠጠችው። "እዚህ ጋ እጠፈው። አትጎትተው፣ ከጎተትከው ይተረተራል። ወደ ውስጥ ነው።" እንዳለችው አደረገ፤ ጭምድዱ ጠፋ። ብሎኑን አጠበቀ። መቀመጫው ዝቅ ብሎ፣ ከፊተኛው ጋር ተጠጋግቶ ተቀመጠ። ሲያዩት አያምርም።

ማንም ሳይደግፋት ከኋላ ወጣችበት።

ልጇ ከፊት ልቀመጥልሽ ልትል አፏን ከፍታ ተወችው። ሴትዮዋ ቀኝ እጇን አነሳችና ወደ ፊት ዘረጋችው። እጇ አየሩ ላይ፣ ትከሻው በሚኖርበት ቦታ ላይ፣ ክርኗ ሳይወጠር ቆመ። ልኩ ነው። የሹራቡ እጅጌ አላጠረበትም።

ያኔ ነው እግሯን ያየችው። ያን ጊዜ ተንጠልጥሎ የነበረው እግሯ በሁለቱም በኩል መርገጫው ላይ በደንብ አርፏል። መቀመጫው ዝቅ በማለቱ ብቻ አይደለም። ጎንበስ ብላ ጫማዋን አየች። ጥቁሩ ጫማዋ ሶሉ ወፍሯል፤ ከተረከዝ እስከ ጣት እኩል፣ ጥሩ ጥቁር ጎማ ተለጥፎበታል፤ ዳርና ዳሩ እንዳይታይ ተሞርዶ ቀለም ተቀብቷል። ለቀብሩ የሄደችው ይህንኑ ጫማ አድርጋ ነው። ያን ቀን መሬቱ የራቃት፣ እርምጃዋ የማይጨበጥ ሆኖባት ነበር። ሐዘን ነው ብላ ነበር።

"መርገጫውስ?" አለችው መካኒኩን። "እሱን ከፍ ማድረግ አይቻልም ነበር?"

"አይቻልም አልኳቸው። ከሞተሩ አካል ጋር የተያያዘ ነው። 'እንግዲያው እሱን በሌላ በኩል እመጣበታለሁ' አሉኝ።"

ከስኩተሩ እስክትወርድ ማንም አላስቸኮላት። ስኩተሩ በኋላ ለሌላ ሰው ተሸጠ። ሻጩ የኋላውን መቀመጫ ሊቀይረው ፈልጎ መካኒኩ አልቀይርም አለ ይባላል። በመንገድ ላይ አንድ ግራጫ ስኩተር ስታይ ግን እሷ ዞር ብላ አታይም።

ስለዚያ ሰው የሚነገረው ይህ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የሌላውን ሰው ዓይን ሳይሰበር አድርሷል። ሳይጨርስ የሄደው የኋላ መቀመጫውን ነው፤ ጨርሶት የሄደው ደግሞ ይህ ነው።

በሞተበት ሰኞ ጠዋት ኮቱን ለብሶ፣ ዳሌውን እየደገፈ፣ መንገዱ ጥግ ወዳለው ጫማ ሰፊ ሄደ። ቀደም ብሎ፣ ተረከዙ አልቋል ብሎ የሚስቱን ጥቁር ጫማ ይዞለት ሄዶ ነበር። ጫማ ሰፊው የሠራውን አሳየው። እሱ ጫማውን ገልብጦ አየ፣ በአውራ ጣቱ ጠርዙን ዳበሰ፣ ባንኮኒው ላይ ጎን ለጎን አቁሞ አንዱ ካንዱ እኩል መሆኑን ጎንበስ ብሎ አረጋገጠ። "ደግ ነው" አለ። በፌስታል ይዞት ቀስ እያለ፣ እንደ ልማዱ ጉድጓዱን ከሩቅ እያየ፣ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

እሷ አፏ ውስጥ ስፒል ይዛ መጋረጃዋ ላይ አቀርቅራ ነበር።

"ጫማሽ መጥቷል" አላት። "እስኪ ቁሚበት።"

"ቆይ፣ ይህችን ልጨርስ" አለችው።

አልሰማትም ይሆናል። ጫማውን ከፌስታሉ አውጥቶ፣ ከስፌት መኪናዋ ሥር፣ እግሯ በሚደርስበት ቦታ፣ አፍንጫውን ወደ በሩ አዙሮ አስቀመጠላት።